ቢትሰን፦ ከበጎች ጉረኖ ተነስቶ ጡት ካንሰር ላይ የደረሰው ሐኪም

እስኪ ዛሬ በጥያቄ እንጀምር። ግልገል ጡት ሲጥል የእናቲቱ ወተት የት ይገባል? ትናንት ተወጥሮ መሬት ሊነካ የደረሰ ጡት በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዴት ሟሽሾ ይቀራል? ገጠር ያደገ ሰው ይህንን ስንቴ አይቶታል። ነጠፈች ይልና ወደ ሥራው ይሄዳል። ከ150 ዓመት ገደማ በፊት ግን በምዕራብ ስኮትላንድ አንድ ወጣት ሐኪም ይህንኑ አይቶ ማለፍ አቃተው። ነገሩ ከአእምሮው ሳይወጣ ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። በመጨረሻም አንዲት ተስፋ የቆረጠች የ33 ዓመት ሴት ወደ እሱ መጣች።

ሰውየው ጆርጅ ቶማስ ቢትሰን ይባላል። ዛሬ ብዙ የጡት ካንሰር ሕሙማን በየቀኑ የሚውጧት ትንሽ ክኒን፣ የዘር ሐረጓ ሲቆጠር እሱ ጋ ይደርሳል።

የተወለደው በ1848 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ኋላ እንዳንጣላ።) የተወለደውም ስኮትላንድ አይደለም፤ ያኔ ሲሎን፣ ዛሬ ስሪላንካ በምንላት ደሴት፣ ትሪንኮማሊ በምትባል የወደብ ከተማ ነው። አባቱ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ስለነበር ቤተሰቡ ጦሩ የሄደበት ይሄዳል። ልጁ በማን ደሴት ተማረ፣ ከዚያ ካምብሪጅ ገባ፣ ሕክምናውን ደግሞ ኤድንብራ ተምሮ በ1874 ተመረቀ።

ኤድንብራ እያለ ያገኘው ዕድል ቀላል አይደለም። የጆሴፍ ሊስተር ረዳት ሆኖ ሠራ። ሊስተር ማለት ቁስልን በካርቦሊክ አሲድ እያጠበ ቀዶ ሕክምናን ከሞት ፍርድ ያወጣ ሰው ነው። ከእሱ በፊት ሆድ መክፈት ማለት በሽተኛው ከቢላዋው ቢተርፍ እንኳ ብዙ ጊዜ ከኢንፌክሽኑ አይተርፍም ማለት ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

ከተመረቀ በኋላ ያገኘው ሥራ ደግሞ ለወጣት ሐኪም የሚያጓጓ ዓይነት አልነበረም። በምዕራብ ስኮትላንድ አንድ ባለርስት አእምሮው ታውኮ ስለነበር ሐኪም አብሮት እንዲኖር ተፈለገ። ቢትሰን ሄደ። ሥራው ጥቂት፣ ቀኑ ረጅም። ስልክ የለ፣ ኢንተርኔት የለ፤ ያለው እርሻና በግ ነው። የዶክትሬት ጽሑፍ ማዘጋጀት ነበረበትና ርዕስ ሲፈልግ በአቅራቢያው ካለ እርሻ ግልገሎች ጡት ሲጥሉ አየ። በቃ፣ ርዕሱ ተገኘ፦ ወተት እንዴት ይፈጠራል፣ እንዴትስ ይቆማል?

እኔን የሚገርመኝ እዚህ ጋ ያደረገው ነገር ነው። ስለ ወተት እያጠና ሳለ ስለ ካንሰር ማሰብ ጀመረ። የምታጠባ እናት የጡት ህብረ ሕዋስ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ሴሎቹ በብዛት ይራባሉ፣ ቱቦዎቹን ይሞላሉ። የጡት ካንሰርም ሲታይ እንዲሁ ሴሎች ይራባሉ፣ ቱቦዎቹን ይሞላሉ። ለእሱ ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች መሰሉት። ልዩነቱ አንደኛው ቆም በል ሲባል መቆሙ፣ ሌላኛው አለመቆሙ ነው። ታዲያ ቁም ብሎ የሚያዘው ማነው?

በዚያ ዘመን አንድ አካል ሌላውን የሚያዘው በነርቭ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ቢትሰን ጡትን የሚያዝ ነርቭ ፈለገ፣ የሚያሳምን ነገር አላገኘም። ዓይኑ ወደ ሌላ ቦታ ዞረ፤ ወደ ኦቫሪ፣ ማለትም የሴት እንቁላል ወደሚመረትበት አካል። ፍንጩን የሰጡት ደግሞ ፕሮፌሰሮች ሳይሆኑ ገበሬዎች ናቸው። በአውስትራሊያ ላም ከወለደች በኋላ ኦቫሪዋን ያወጡላታል፤ ያን ጊዜ ወተቷ ሳይነጥፍ ይቀጥላል። ይህንን ሲሰማ ነገሩ በራሱ ላይ በራ። ኦቫሪና ጡት ተራርቀው የተቀመጡ፣ በነርቭም በቀጥታ ያልተያያዙ አካላት ናቸው፤ ግን አንዱ ሌላውን ያዛል።

ይህ የሆነው ሆርሞን የሚባለው ቃል ራሱ ከመፈጠሩ በፊት ነው። ቃሉ የመጣው በ1905 ነው። ቢትሰን ስም የሌለውን ነገር ነበር በጨለማ የሚዳስሰው።

ጽሑፉን በ1878 አቀረበ፣ ዶክትሬቱን ያዘ። ከዚያስ? ከዚያ ዝም። ግላስጎው ሄዶ የቀዶ ሕክምና ሥራውን ጀመረ። ግላስጎው ያኔ የመርከብ፣ የባቡርና የፋብሪካ ከተማ ናት፤ በየቀኑ ሰው የሚቆረጥባት፣ የሚጨፈለቅባት። ቢትሰን ብዙ ጉልበቱን እዚያ ላይ አዋለ። በ1882 የተቋቋመውን የቅዱስ እንድርያስ አምቡላንስ ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ ተራ ሠራተኞች የመጀመሪያ እርዳታ እንዲማሩ አድርጓል። ስኮትላንድ ውስጥ በዘመኑ ዝናው የመጣው ከዚህ ነው እንጂ ከካንሰር አይደለም። በ1907 ሰር የሚለውን ማዕረግ አገኘ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ከስኮትላንድ ቀይ መስቀል መሪዎች አንዱ ነበር። አላገባም።

የእኛ ታሪክ የሚቀጥለው ግን በ1893 የግላስጎው የካንሰር ሆስፒታል ቀዶ ሐኪም ሲሆን ነው።

በዚያ ዘመን የጡት ካንሰር ሕክምና ምን ይመስል እንደነበር ትንሽ ልንገራችሁ። በአሜሪካ ዊልያም ሃልስቴድ የሚባል ዝነኛ ቀዶ ሐኪም ጡቱን፣ ከሥሩ ያለውን የደረት ጡንቻ፣ በብብት ያሉትን እጢዎች ሁሉ አንድ ላይ ጠርጎ የሚያወጣ ኦፕሬሽን በ1894 አሳትሞ ነበር። አስተሳሰቡ ቀላል ነው፦ ካንሰር ባለበት ቦታ ያለ ነገር ነው፣ አጥብቀህ ከቆረጥከው ያልቃል። ቆርጠው ካልጨረሱትስ? ያን ጊዜ ለሴቲቱ የሚቀርላት ነገር የለም። ወደ ቤቷ ትላካለች።

በግንቦት 1895 ቢትሰን ጋ የመጣችው ሴት እንዲህ ያለች ናት። ዕድሜዋ 33፣ ባለትዳርና እናት ናት። ጡቷ ቀደም ብሎ በኦፕሬሽን ወጥቶ ነበር፤ ካንሰሩ ግን ጠባሳው ላይ፣ ደረቷ ላይ ተመልሶ መጥቷል። ከደረቷ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ቢላዋ የሚሠራው ሥራ አልነበረም።

ቢትሰን መጀመሪያ የታይሮይድ ክኒን ሞከረ። አንድ ወር ገደማ ጠበቀ፣ ለውጥ የለም። ከዚያ ለሃያ ዓመት ሊሞላ ምንም ያልቀረው በልቡ የያዘውን ነገር አወጣ። ለእሷና ለባሏ ነገሩን አስረዳ፣ ተስማሙ። ሰኔ 15 ቀን 1895 ሆዷን ከፍቶ ሁለቱንም ኦቫሪዎች አወጣ።

እስኪ ይህንን ከሰውየው ቦታ ሆናችሁ አስቡት። በሽታው ደረት ላይ ነው። አንተ የምትቆርጠው ሆድ ውስጥ ያለ፣ ምንም ያልታመመ አካል ነው። የባልደረቦችህን ፊት አስበው! ሴቲቱ ብትሞት ምን ትላለህ? በጎች አይቼ ነበር ትላለህ? የሊስተር ረዳት የነበረ ሰው መሆኑ የጠቀመው እዚህ ጋ ነው። ቁስሉን ከጀርም እንዴት መጠበቅ እንዳለበት ያውቅ ነበር፤ ያለዚያ ሐሳቡ ሐሳብ ሆኖ ይቀር ነበር።

ከሳምንታት በኋላ እጢው መለስለስ፣ መሳሳት ጀመረ። ከስምንት ወር በኋላ የካንሰሩ ምልክት ጠፋ። ጠፋ ስል መቀነሱን ማለቴ አይደለም፤ በዓይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ነገር አልቀረም። ቢትሰን በግንቦት 1896 ሴቲቱን ኤድንብራ ወስዶ ለሐኪሞች ማኅበር አሳየ፣ በዚያው ክረምትም ታሪኩ ላንሴት በተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ታተመ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ እንሁን። ሐሳቡ የእሱ ብቻ አልነበረም። አልበርት ሺንዚንገር የሚባል ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም በ1889 ለጡት ካንሰር ኦቫሪ ይውጣ ብሎ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ግን አልሞከረውም። የሞከረውና ውጤቱን ለዓለም ያሳየው ቢትሰን ነው።

ሴቲቱ ከኦፕሬሽኑ በኋላ አራት ዓመት ገደማ ኖረች። ከዚያ ካንሰሩ ተመለሰ፣ ሞተችም። ለልጆቿ አራት ዓመት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ለሕክምናው ግን ሁለት ከባድ ጥያቄዎች ጥሎ አለፈ። አንደኛ፣ ካንሰሩ ከጠፋ ለምን ተመለሰ? ሁለተኛው ደግሞ ብዙ ሳይቆይ የመጣ ነው። ሌሎች ሐኪሞች ኦፕሬሽኑን ሲሞክሩት የሚሠራው ለሁሉም አልነበረም። በ1900 ስታንሊ ቦይድ የሚባል የለንደን ሐኪም የተሠሩትን ኦፕሬሽኖች ሰብስቦ ሲያይ ግልጽ ጥቅም ያገኙት ሲሶ ያህሉ ናቸው። ከሦስት አንዷ ትድናለች ሳይሆን ከሦስት አንዷ ለጥቂት ጊዜ ትሻላለች። የትኛዋ? ማንም አያውቅም። ሁለቱ ያለ ጥቅም ሆዳቸው ይከፈታል ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ኦፕሬሽኑ ቀስ በቀስ ተቀዛቀዘ።

ቢትሰን ራሱስ ለምን እንደሠራ ያውቅ ነበር? እዚህ ጋ ጀግናችንን ትንሽ እናሳንሰው። አያውቅም ነበር። የእሱ ማብራሪያ እንዲህ የሚል ነው፦ ወተት ማለት የጡት ሴሎች ወደ ስብ ተለውጠው ሲፈርሱ የሚመጣ ነገር ነው፤ ኦቫሪ ሲወጣ ላሟ ወተቷ የሚቀጥለው ለዚህ ነው፤ ስለዚህ ኦቫሪ ከወጣ የካንሰሩም ሴሎች እንደዚያው ወደ ስብ ተለውጠው ይፈርሳሉ። ዛሬ እንደምናውቀው ወተት የሚመጣው ሴሎች ፈርሰው አይደለም፤ ሴሎቹ በሕይወት እያሉ ያመነጩታል። ማብራሪያው ስህተት ነበር። ኦፕሬሽኑ ግን ሠራ። በተሳሳተ መንገድ ሄዶ ትክክለኛው ቤት ደጃፍ ላይ ደረሰ። ሳይንስ ውስጥ እንዲህ ያለው ብዙ ነው፤ የትምህርት ቤት መጽሐፎች ግን ይህንን ክፍል ይዘሉታል።

እድሜ ሰጥቶት የሐሳቡን ግማሽ ማረጋገጫ አይቷል። በ1929 ኤስትሮጅን የሚባለው የሆርሞን ቤተሰብ የመጀመሪያ አባል በአሜሪካና በጀርመን ተጣርቶ ወጣ። ከኦቫሪ ወጥቶ በደም እየተጓዘ ጡትን የሚያዘው መልእክተኛ ይኸው ነው። በ1932 ደግሞ አንትዋን ላካሳኝ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ ወንድ አይጦችን ኤስትሮጅን እየወጋ የጡት እጢ እንዲያወጡ አደረገ። ቢትሰን በየካቲት 1933 ሞተ፣ 84 ዓመቱ ነበር። የቀረውን ግማሽ አላየውም።

ያ የቀረው ግማሽ ደግሞ፣ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ከሁሉ ያምራል።

በ1950ዎቹ መጨረሻ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ኤልዉድ ጄንሰን የሚባል ኬሚስት ኤስትሮጅን ላይ ራዲዮአክቲቭ ሃይድሮጅን አስሮ በአይጥ ሰውነት ውስጥ ወዴት እንደሚሄድ ተከታተለ። ሆርሞኑ በደም በየቦታው ይደርሳል፣ ግን አብዛኛው አካል አያቆየውም፤ እንደ ማኅፀን ያሉት ብቻ ይዘው ያስቀሩታል። ለምን? ውስጣቸው ኤስትሮጅንን የሚይዝ ፕሮቲን ስላላቸው ነው። ይህ ፕሮቲን የኤስትሮጅን ተቀባይ ይባላል። ስልክ ላይ ሲም ካርድ እንዳለ አስቡት፤ ኔትወርኩ ለሁሉም ይለቀቃል፣ ሲም የሌለው ስልክ ግን አይጠራም።

የጡት ካንሰሮችም እንደዚያው ናቸው። አንዳንዱ እጢ ተቀባዩ አለው፣ አንዳንዱ የለውም። ተቀባይ ለሌለው እጢ ኦቫሪ ኖረም ወጣም ለውጥ የለውም። ከሦስት አንዷ የሚለው የቢትሰን ዘመን እንቆቅልሽ በዚህ ተፈታ። ያለ ጥቅም ሆዷ የሚከፈትባት ሴት መኖር የለባትም፤ እጢውን መርምሮ ተቀባይ አለው ወይስ የለውም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ሴሉ ውስጥ እንግባ፣ ምክንያቱም የግላስጎዋ ሴት እጢ በስምንት ወር የት ሄደ የሚለው ገና አልተመለሰም። እጢ ማደግ ማቆም አንድ ነገር ነው፤ መጥፋት ግን ሌላ ነው። እነዚያ ሴሎች ሞተዋል። ማን ገደላቸው?

መልሱ፦ ራሳቸውን ነው የገደሉት።

ሴል ሁለት ዓይነት አሟሟት አለው። አንደኛው ተቃጥሎ፣ ተመርዞ ወይም አየር አጥሮት ሲፈነዳ ነው፤ ይዘቱ ይፈስሳል፣ አካባቢው ይቆጣል፣ ያብጣል። ሁለተኛው ጸጥ ያለ ነው። ሴሉ ይኮማተራል፣ ዲኤንኤውን ራሱ ይቆራርጣል፣ በትናንሽ ከረጢቶች ይከፋፈላል፣ ጎረቤት ሴሎች ይውጡታል። ኪራይ ሲጨርስ ዕቃውን ሸክፎ፣ ቤቱን ጠርጎ፣ ቁልፉን መልሶ እንደሚወጣ ተከራይ ነው። ይህንን አሟሟት አፖፕቶሲስ ብለው የሰየሙት በ1972 ጆን ከር፣ አንድሪው ዋይሊ እና አላስተር ከሪ የሚባሉ ሦስት ሰዎች ናቸው። የት እያሉ? አበርዲን፣ ስኮትላንድ። ቃሉ ግሪክ ሲሆን ቅጠል ከዛፍ መርገፉን ያመለክታል። የቢትሰን ኦፕሬሽን የሚያረግፈው ምን እንደሆነ በዚያው በስኮትላንድ ስም ወጣለት ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ይሠራል። ኤስትሮጅን ከስብ ጋር የሚስማማ ሞለኪውል ስለሆነ የሴሉን ግድግዳ አልፎ ይገባል፤ ተቀባዩን አግኝቶ ይይዘዋል፣ ሁለቱ ዲኤንኤው ላይ ይቀመጡና ጂኖችን ያበራሉ። ከሚያበሯቸው አንዱ ሳይክሊን ዲ1 ይባላል፤ ሴሉን ተባዛ የሚለው እሱ ነው። ሌላው ቢሲኤል-2 ይባላል፤ ይህኛው አትሙት ይላል። ኤስትሮጅን ለእንዲህ ያለው የካንሰር ሴል ሁለት መልእክት ያመጣለታል ማለት ነው፣ ብዛ እና አትሙት።

ቢሲኤል-2 ዘበኛ ነው። የሚቆመው ማይቶኮንድሪያ በሚባሉት የሴሉ ኃይል ማመንጫዎች በር ላይ ነው። ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ሳይቶክሮም ሲ የሚባል ፕሮቲን አለ፤ እዚያው እስካለ ድረስ ጉልበት የማመንጨት ሥራውን ይሠራል፣ ወደ ውጭ ከፈሰሰ ግን የሞት ደወል ነው። ግድግዳውን የሚበሱት ባክስ እና ባክ የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ቢሲኤል-2 እነሱን ይዞ ያቆያል። ኤስትሮጅን ሲቋረጥ አዲስ ዘበኛ አይቀጠርም። ዘበኞቹ ሲያንሱ በሳሾቹ ይበረታሉ፣ ሳይቶክሮም ሲ ይፈስሳል፣ ካስፔዝ የሚባሉ መቀስ መሳይ ፕሮቲኖች ይነቃሉ፣ ሴሉን ከውስጥ ይቆራርጡታል። በግላስጎዋ ሴት ደረት ላይ በ1895 ክረምት የተከናወነው፣ ዛሬ ባለን እውቀት ሲታይ፣ ይህንን የመሰለ ነገር ነው።

እዚህ ጋ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ፣ ልዝለለው ብዬ አልሆነልኝም። ቢሲኤል-2 ሴሉን ከሞት የሚጠብቅ ከሆነ ብዙ ቢሲኤል-2 ያለው የጡት ካንሰር የባሰ መሆን ነበረበት፣ አይደል? በተግባር ግን ተቃራኒው ነው የሚታየው፤ እንዲህ ያሉት ሕሙማን ብዙ ጊዜ የተሻለ ውጤት አላቸው። አንዱ ምክንያት ቢሲኤል-2 መኖሩ የኤስትሮጅኑ መስመር እየሠራ መሆኑን ማሳየቱ ነው። መስመሩ ካለ ደግሞ መቁረጥ ይቻላል።

ግልገሎቹንስ ረሳናቸው? አልረሳንም። ልጅ ጡት ሲጥል ወተቱ ይጠራቀማል፤ በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት እንደታየው ያን ጊዜ ስታት3 የሚባል መልእክተኛ ይነቃና ወተት ያመነጩ የነበሩት ሴሎች በብዛት እንዲሞቱ ያዛል። ጡቱ የሚሟሽሸው ወተቱ ስለደረቀ ብቻ አይደለም፤ ሴሎቹ ታዝዘው ስለሚሞቱ ነው። ቢትሰን አጥሩ ላይ ተደግፎ ሲያይ የነበረው የሴል ሞት ትእዛዝ ነበር። ካንሰር ማለት ደግሞ ያንን ትእዛዝ አልሰማም ያለ ሴል ነው። ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው ያለው፣ በዚህ ብቻ እንኳ፣ ከንቱ ግምት አልነበረም።

አሁን አንደኛው ጥያቄ፦ ለምን ተመለሰባት? ምክንያቱ ብዙ ነው። ኦቫሪ ቢወጣም ኤስትሮጅን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ በኩላሊት አናት ላይ ያሉት አድሬናል እጢዎች ጥሬ ዕቃውን ያመርታሉ፣ የሰውነት ስብ አሮማቴዝ በሚባል ኢንዛይም ወደ ኤስትሮጅን ይለውጠዋል። አንዳንድ የካንሰር ሴል ደግሞ የራሱን መንገድ ይፈልጋል። ተቀባዩ ራሱ ተበላሽቶ ያለ ኤስትሮጅንም እንደበራ ይቀራል፤ ቁልፉ ተሰብሮ አልጠፋ እንዳለ አምፖል። ወይም ከውጭ የሚመጣውን የእድገት መልእክት የሚያስተላልፈው ፒአይ3ኬ የሚባለው መስመር በሚውቴሽን ሳቢያ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል፤ ተቀባይ ካላቸው የጡት ካንሰሮች 40 በመቶ ያህሉ እዚህ መስመር ላይ ያለ አንድ ጂን ተለውጦባቸው ይገኛል። ይህ መስመር ሲከፈት ኤኬቲ የሚባል ፕሮቲን ይነቃል፤ እሱም በበኩሉ የሞት አፋጣኞችን አስሮ ያስቀምጣል። አንዱን በር ዘግተህ ስትመለስ ሌላው ተከፍቶ ታገኘዋለህ።

ዛሬ ለዚህ ሁሉ ሆድ መክፈት የግድ አይደለም። በ1962 እንግሊዝ ውስጥ ዶራ ሪቻርድሰን የምትባል ኬሚስት በመድኃኒት ኩባንያ ላቦራቶሪ አንድ ውህድ ሠራች። የተፈለገው የወሊድ መከላከያ ነበር፤ እንዲያውም ገልባጭ ሆነና እንቁላል እንዲለቀቅ የሚያግዝ ሆኖ ተገኘ። ለታሰበለት ሥራ አልሆነም። ግን የኤስትሮጅንን ቦታ ተቀባዩ ላይ ይይዛል፤ ተቀባዩን ይቆልፈዋል። ሲም ካርዱ ማስገቢያ ውስጥ ወረቀት እንደ መሰካት ነው። በ1973 በእንግሊዝ ለጡት ካንሰር ተፈቀደ። ታሞክሲፌን ይባላል። ተቀባይ ያለው ካንሰር ያለባት ሴት በየቀኑ አንድ ክኒን ለ5 ዓመት ብትወስድ፣ በቀጣዮቹ 15 ዓመታት በካንሰሩ የመሞት ዕድሏ ሲሶ ያህል ይቀንሳል።

አምስት ዓመት ረጅም ነው። ሰው ጤነኛ ሆኖ፣ ሥራው እየሄደ፣ ልጁን እያሳደገ በየቀኑ ክኒን መዋጥ ይሰለቻል። ለዚያውም ክኒኑ ሙቀት ያመጣል፣ ሌሎች የጎንዮሽ ችግሮችም አሉት። ይህ በኢትዮጵያም ያለ ነገር ነው። በአገራችን በሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች በብዛት የጡት ካንሰር ይቀድማል፣ ከታማሚዎቹም ብዙዎቹ ገና ወጣት፣ ኦቫሪያቸው እየሠራ ያሉ ሴቶች ናቸው። የተቀባይ ምርመራው ደግሞ በየከተማው የሚገኝ ነገር አይደለም። ቤታችሁ ውስጥ ያቺን ክኒን የምትውጥ እናት፣ አክስት ወይም እህት ካለች፣ የተሻላት ስለሚመስል በራሷ ብታቆም ምን እንደሚሆን አሁን ታውቃላችሁ፦ ሴሏ ውስጥ ያለው ዘበኛ እንደገና ይቀጠራል። ከሐኪሟ ጋር ሳትነጋገር አታቁም።

ግላስጎው ውስጥ ዛሬ በቢትሰን ስም የሚጠራ ትልቅ የካንሰር ሕክምና ማዕከል አለ። አሁን ያለበት ሕንፃ የተከፈተው በ2007 ነው። ገና ያላረጡ የጡት ካንሰር ሕሙማን በዚህ ዘመን ጎሰረሊን የሚባል መድኃኒት በየወሩ ሆዳቸው ላይ ከቆዳ ሥር ይወጋሉ። መድኃኒቱ አንጎል ሥር ያለችው እጢ ኦቫሪን ማዘዝ እንድታቆም ያደርጋል፤ ኦቫሪዎቹ ይተኛሉ። መርፌው ሲቋረጥ ደግሞ፣ በተለይ ወጣት ለሆኑት፣ ብዙ ጊዜ ተመልሰው ይነቃሉ። ቢትሰን በ1895 በቢላዋ ያደረገው ያንኑ ነበር፤ የእሱ ግን መመለሻ አልነበረውም።